አንድ ሜዳ፣ አንድ ሕግ፦ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዘንድሮው የአቀስታ ግንኙነታችን አርአያ ስለሚሆን አንድ ሰው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ምናልባት ስለ ንጉሥ ሚካኤል ወይም ስለ አንዱ የወሎ ሊቅ ይጠብቁ ነበር። እኔ ግን የኳስ ሰው ይዤላችሁ መጣሁ። በግቢ አብራችሁኝ የተጫወታችሁ ልጆች አትስቁብኝ። ግራ እግሬ ለምንም እንደማይሆን እናንተም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም የመሀል ተጫዋች ነበርኩ፤ መሀል የቆመ ሰው ደግሞ ወዲያም ወዲህም ያያል። ይህን ጽሑፍ የማጽፈኝ እዚያ ቆሜ ያየሁትና ዝም ብዬ ያለፍኩት አንድ ነገር ነው። ወደሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ሰውየው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ካረፉ ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ ነው። ስማቸውን ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን የመሩት እሳቸው ነበሩ። እውነት ነው፤ ግን እሱ የታሪካቸው እኩሌታ እንኳን አይሆንም።

የነጋድራስ ተሰማ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። የእንቁጣጣሽ ልጅ ናቸው ማለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባላሉ። በግጥማቸውና በጨዋታቸው አገር ያወቃቸው፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ተልከው የአውቶሞቢል ነገር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። እዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ በሸክላ ከተቀረጹት የኢትዮጵያ ዘፈኖችም የመጀመሪያዎቹ የሳቸው ናቸው።

የኛ አገር ሰው ነጋድራስ ተሰማን በሌላም ነገር ሊያስታውሳቸው ይገባል። የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ ንጉሥ ሚካኤል ወደ ደሴ ከመምጣታቸው በፊት መቀመጫቸው የነበረችው ተንታም ከአቀስታ ሩቅ አይደለችም። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የወሎ ጦር ሲፈታ፣ በኛ አካባቢ የቅድመ አያቱን ስም ከዚያ ጦርነት ጋር የማያነሳ ቤት ጥቂት ነው። የልጅ ኢያሱ ዘመን ሲያልፍ የነጋድራስ ተሰማም ደግ ዘመን አብሮ አለፈ። ይድነቃቸው የተወለዱት ከሰገሌ አምስት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ከአባታቸው የወረሱት ሥልጣን ሊሆን አይችልም። የወረሱት አንደበት ነው። አባት በግጥም የሚያሸንፉትን፣ ልጅ ኋላ በዓለም ስብሰባ አዳራሽ በክርክር አሸንፈውበታል።

ልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ተሻገረና ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። ቀለሙም ኳሱም እዚያው ያዛቸው።

ጊዮርጊስ በተመሠረተበት ዓመት

አቀስታ ያደግን ሰዎች የኳስ ፍቅር እንዴት እንደሚጀምር እናውቃለን። ከደሴ በጉጉፍቱ አልፎ ወደኛ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ብርዱንም ያውቀዋል። እኛ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና የበግ ጠጉር ጠቅጥቀን፣ በሲባጎ አስረን፣ የገብስ ማሳው ከታጨደ በኋላ ቃርሚያው ላይ እንራወጥ ነበር። ኳሷ ውኃ ከጠጣች አለቀላት፤ ድንጋይ ትሆናለች። የአራዳ ልጆችም በዚያ ዘመን ከዚህ ብዙ የተሻለ ነገር አልነበራቸውም።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች አራዳ ላይ አንድ የኳስ ቡድን መሠረቱ። ስሙን ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ይድነቃቸው ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ናቸው። በዚያው ዓመት ቡድኑን ተቀላቀሉና ለ23 ዓመት ሌላ ማልያ ሳይለብሱ ኖሩ።

ዓመቱን ልብ በሉት። 1928 የማይጨው ዓመት ነው። ቡድኑ ገና እግር ሳያወጣ፣ ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ከተማውን ሁለት አድርጎ ሲከፍል ሜዳውንም አብሮ ከፈለው። ነጭ ከነጭ ጋር፣ አገሬው ከአገሬው ጋር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። ኢትዮጵያዊ ቡድን ከጣሊያን ቡድን ጋር ገጥሞ ቢያሸንፍ ምን እንደሚመጣ ጣሊያኖቹ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ግጥሚያው ራሱ ተከለከለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ጠፍቶ ቡድኑ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶቹ ምልክት ስም ነው።

እኔ የይድነቃቸውን ሕይወት ሳነብ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። አንድ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያለ ልጅ፣ ጉልበቱና ቅልጥፍናው ገና በሚፈላበት ዕድሜ፣ ችሎታው ሳይመዘን በቆዳው ብቻ ወዲያኛው ሜዳ እንዳይገባ ተነገረው። ኳስ እኮ የምታምረው ማንም ከማንም ጋር ገጥሞ፣ በአንድ ሕግና በአንድ ፊሽካ የተሻለው ሲያሸንፍ ነው። ያ ሲቀር የሚተርፈው መራወጥ ብቻ ነው። ይድነቃቸው ይህን በመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ኖረውበታል። ከዚያ በኋላ በ50 ዓመት ውስጥ ያደረጉት ትልልቅ ነገር ሁሉ ከዚህ የወጣ ይመስለኛል።

ሕጉን በአማርኛ

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ የጊዮርጊስ ስምም ተመለሰ። ይድነቃቸው ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም፤ ሆኖም ኳስ መጫወት ብቻውን አልበቃቸውም። የስፖርት ጽሕፈት ቤት እንዲቋቋም ከሠሩት፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። የጨዋታውን ሕግም ወደ አማርኛ መለሱት።

ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን አይደለችም። ሕጉ በባዕድ ቋንቋ ብቻ እስካለ ድረስ ዳኛው ሁልጊዜ እንግዳው ነው። አንተ ትጫወታለህ፣ ሌላው ይፈርድብሃል። ሕጉን በራስህ ቋንቋ ስታነበው ግን ዳኛ መሆንም፣ ይግባኝ ማለትም ትችላለህ። ቀን ኳስ ሜዳ ላይ የሚዋሉ ወጣት፣ ማታ ቁጭ ብለው የኳስን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ሳስብ፣ በጣም የሚገርመኝ ትዕግሥታቸው ነው።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሳተፉ። ከአምስቱ አራቱ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ሚስዮን ቡድን። ኢትዮጵያዊው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮና ዋንጫ ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። ነገሩ እንዲህ ቀስ ብሎ የመጣ ነው። የትናንቱ ገዢ ሕዝብ ቡድንና የትናንቱ ተገዢ ቡድን በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ መጋጠማቸው ግን ለይድነቃቸው ከዋንጫውም የሚበልጥ ድል እንደነበረ መገመት አይከብድም።

ተጫዋችነታቸውን ቁጥሩ ይናገር። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1928 እስከ 1950 ዓ.ም. 365 ጨዋታ አድርገው 318 ጎል አግብተዋል። ለብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያውን የውጭ ግጥሚያ ያደረገው በኅዳር 1940 ዓ.ም. ከጅቡቲ ጋር ሲሆን 5 ለ 0 አሸንፏል። ያ ትውልድ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ሐኪም፣ አንዳንዴም ያለ ደህና ጫማ የተጫወተ ትውልድ ነው።

ኻርቱም፣ 1949

እዚህ ላይ ታሪኩ ከአዲስ አበባ ይወጣል። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ኻርቱም ውስጥ የአራት አገር ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ዛሬ ካፍ የምንለው፣ የተመሠረተው እዚያ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 35፣ ገና ጫማቸውን ያልሰቀሉ ተጫዋች።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ኻርቱም ሊደረግ ተወሰነ። ቡድኖቹ አራት ስለሆኑ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት የግማሽ ፍጻሜ፣ ከዚያ ፍጻሜ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ግን መንግሥታቸው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን እንደማይፈቅድ አስታወቁ። ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ ይላካል አሉ።

እስቲ ነገሩን በይድነቃቸው ቦታ ሆናችሁ እዩት። ካፍ ገና መወለዱ ነው። አባላቱ አራት ብቻ ናቸው። አንዱን ካባረሩ ከአራት አንድ ይጎድላል፣ ውድድሩም የሦስት ቡድን ይሆናል። ብልህ ነኝ የሚል ሰው ለዛሬ ይለፍ፣ ጥቁር ብቻውን ይምጣ፣ ነገ እናስተካክላለን ይል ነበር። ይድነቃቸው ግን ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር በሚባል ቡድን ውስጥ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ጥቁር ለብቻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። እሳቸውና የግብፅ፣ የሱዳን ባልደረቦቻቸው አልተቀበሉትም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ቆይቶም ከካፍ ተባረረች። ዓለም አቀፉ የስፖርት ማኅበረሰብ በአፓርታይድ ላይ በሩን መዝጋት ከመጀመሩ ብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ጽሕፈት ቤት እንኳን ያልነበረው የአፍሪካ ማኅበር ዘግቶታል።

ኢትዮጵያ በፎርፌ ፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ ዲባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይም ያው ግብፅ በዚያው 4 ለ 0 ደገመችን። መርህ ጎል አያገባም፤ ይህንንም መናገር ያስፈልጋል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ መጣ። ብሔራዊ ቡድኑን የሚመሩት ይድነቃቸው ናቸው። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ፍጻሜው ከሁለት ጊዜ ሻምፒዮናዋ ግብፅ ጋር ሆነ።

የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ የመሀል ተጫዋች ነበር። አሥመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር። በዚያ ዘመን እንደሱ ያለ ልጅ ከሁለቱም ወገን ሙሉ ሰው ተደርጎ አይታይም ነበር። ወንድሙ ኢታሎም በቡድኑ አለ። አሁን አስቡት፤ በጣሊያን ዘመን ከነጭ ጋር እንዳይጫወቱ የተከለከሉት ይድነቃቸው፣ ያቋቋሙት ቡድን አምበል የጣሊያን ወታደር ልጅ ነው። ቂም የያዘ ሰው እንዲህ አያደርግም። እሳቸው የሚያዩት ኳሱን ነበር፤ ለመሀል ሜዳውም ከሉቻኖ የተሻለ አልነበረም።

ጨዋታው እንዲህ ሄደ። በ35ኛው ደቂቃ ግብፅ ቀደመች። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ሕዝቡ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ ባዳዊ እንደገና ለግብፅ አገባ። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ አስተካከለ፤ 2 ለ 2። በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ኢታሎ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። 4 ለ 2። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ደግመን አላየነውም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ያ ድል ዝም ብሎ የመጣ የአንድ ቀን ዕድል እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው። ሕጉን ከመተርጎም ጀምሮ፣ ሻምፒዮና ከማደራጀት፣ ሁለቴ 4 ለ 0 ተሸንፎ ከመመለስ የተገነባ ነው። 18 ዓመት ፈጅቷል።

ግማሽ ወንበር አንቀበልም

ይድነቃቸው ከዋንጫው በኋላ ቢያርፉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ትልቁ ግጥሚያቸው ግን ገና ነበር። በ1956 ዓ.ም. ፊፋ ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ቦታ ሲያከፋፍል፣ ከ16ቱ ቦታ አብዛኛውን ለአውሮፓና ለደቡብ አሜሪካ ሰጠና ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ አንዲት ቦታ አስቀረ። ከአፍሪካ የተሻለው ቡድን የራሱን አህጉር አሸንፎ ሲያበቃ እንደገና ከእስያው ጋር መጋጠም አለበት። ያን ጊዜ አፍሪካ ውስጥ በየወሩ አዲስ ባንዲራ ይሰቀል ነበር፤ አዲሶቹ አገሮች ከተባበሩት መንግሥታት ቀጥሎ የሚመዘገቡት ፊፋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዚህ ሁሉ አገር ግማሽ ወንበር እንኳን በቅጡ አልደረሰውም።

ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን መሩ። ጽፈው ተከራከሩ፤ ሰሚ ሲያጡ የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው እንዲወጡ ካፍ ወሰነ፣ ወጡም። ፊፋ የገንዘብ ቅጣት ጣለ። እንዲህ ያለ ነገር መወሰን ቀላል እንዳይመስላችሁ። የዓለም ዋንጫን ማየት የሚመኝ ተጫዋች ዕድሜው አጭር ነው፤ አራት ዓመት ቢያልፈው ያልፈዋል። ይድነቃቸው ራሳቸው ተጫዋች ስለነበሩ ለወጣቶቹ ምን እንደሚቀርባቸው ያውቁ ነበር።

በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አንድም የአፍሪካ ቡድን አልነበረም። ነገር ግን የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ዘጠኝ ጎል ያስቆጠረው ዩሴቢዮ ሆነ፤ ሞዛምቢክ የተወለደ፣ ለፖርቱጋል የተጫወተ። የዚያው ቡድን አምበል የመሀል ተጫዋቹ ማርዮ ኮሉናም የሞዛምቢክ ልጅ ነው። አፍሪካ ራሷ ተከልክላ ልጆቿ በሰው ማልያ ሲያበሩ ዓለም አየ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ሊያቀርብ ይችላል?

ብዙም አልቆየ፣ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ተሰጠ። በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ሞሮኮ ገባች። በ1974 ዓ.ም. ስፔን ላይ ሁለት ሆኑ፤ አልጄሪያና ካሜሩን። አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን ስታሸንፍ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1964 ዓ.ም. ነው፤ እስኪሞቱ ድረስ 15 ዓመት መሩት። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በነዚያ ዓመታት የያዙት ነገር ያው የኻርቱሙ ነው። የፊፋው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ደቡብ አፍሪካን ሊመልሱ ደጋግመው ሲሞክሩ፣ ይድነቃቸው ደጋግመው በሩ ላይ ቆሙ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ ብራዚላዊው ጆአዎ አቬላንጅ ራውስን አሸንፈው ፊፋን ሲይዙ፣ የአፍሪካ ድምፅ ሚዛኑን ከደፉት አንዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። ኻርቱም ላይ አራት አገር የጀመረው ነገር የዓለም ሕግ ለመሆን 19 ዓመት ፈጀበት።

የተከራከሩበት ሁሉ አልሆነላቸውም። በውጭ አገር የሚጫወቱ አፍሪካውያን በብዛት ወደ አፍሪካ ዋንጫ እንዳይመጡ፣ ከአንድ ቡድን ሁለት ብቻ እንዲሆኑ የሚለውን ደንብ ደግፈው ቆመዋል። ልጆቻችን ሁሉ ወደ አውሮፓ ከሄዱ የኛ ሜዳ ባዶ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበራቸው። በ1974 ዓ.ም. ደንቡ ተነሳ። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ደንቡ ተጫዋቹን ይጎዳ ነበር፤ በዚህ እኔም ከሳቸው ጋር አልስማማም። ሥጋታቸው ግን ከንቱ አልነበረም። የአገር ውስጥ ውድድራችንን ባዶ መቀመጫ ያየ ሰው ይፈርዳል። የአልኮልና የሲጋራ ማስታወቂያ ወደ አፍሪካ ሜዳ እንዳይገባም ታግለዋል። ገንዘብ የሚያስፈልገው ማኅበር መሪ ሆኖ ገንዘብን አይሆንም ማለት ቀላል አይደለም።

ቡሄ

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካንሰር ያዛቸው። ታመውም ከሥራ አልተለዩም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። ቀኑ ቡሄ ነው፤ ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበት፣ ሙልሙል የሚቀበሉበት ቀን። በእንቁጣጣሽ የተወለዱ ሰው 66ኛውን እንቁጣጣሽ ሊያዩ ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ሲቀራቸው ሄዱ።

ያላዩት ብዙ ነው። አፓርታይድ ወድቆ ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ካፍ ስትመለስ አላዩም። በ1988 ዓ.ም. ያቺው ደቡብ አፍሪካ ጥቁርም ነጭም በተሰለፈበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ ሜዳዋ ስታነሳ አላዩም። የኻርቱሙ ጥያቄ የተመለሰው ያን ቀን ነው፤ 39 ዓመት ዘግይቶ። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ በቀጥታ ዘጠኝ ቦታ ተመድቧል። ግማሽ ወንበር አንቀበልም ያሉት ሰዎች ትርፍ ይሄ ነው። የኛው ብሔራዊ ቡድን ግን ከ1974 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2005 ዓ.ም. ጠብቋል።

እኔ ዝም ያልኩበት ቀን

አሁን መጀመሪያ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ግቢ እያለን አንድ ዓመት የተማሪዎች ውድድር በትውልድ ቦታ እንዲከፈል ተወሰነ። ማን እንደወሰነ ዛሬ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ዘመኑ ራሱ ወስኖልን ነበር። እኔ የአንዱ ቡድን አምበል ሆንኩ። አብሮኝ መሀል የሚጫወት፣ ከኔ በብዙ የሚሻል አንድ ጓደኛችን ነበር። አባቱ ከአንድ ወገን፣ እናቱ ከሌላ። ሁለቱም ቡድን የኛ አይደለም አሉት። የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣና ከሜዳው ዳር ቆመ። የጠራው ሰው አልነበረም። እኔ አምበል ነኝ፤ ማልያ ለመስጠት ሥልጣን ነበረኝ። አየሁትና ፊቴን አዞርኩ። በሁለተኛው ጨዋታ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲነካ አላየሁትም።

ያን ጊዜ ስለ ይድነቃቸው የማውቀው ያቺኑ አንዲት ነገር ነበር፤ ዋንጫውን። በ1954 የተቀበለው አምበል ማን እንደነበረ፣ እናትና አባቱ ከየት እንደሆኑ ባውቅ ኖሮ ድፍረት አገኝ ነበር ይሆን? አላውቅም። ለራሴ ማድላት አልፈልግም። አሁን ግን አውቃለሁ፤ እናንተም አወቃችሁ።

ሀገራችን፣ በተለይም ወሎ፣ ባለፉት ዓመታት ምን እንዳየ ለናንተ አልነግራችሁም። ሜዳ ሲከፈል የሚጀምር ነገር ሜዳ ላይ አያበቃም።

ስለዚህ ለአስተባባሪዎቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በአቀስታው ግንኙነታችን ቅዳሜ ከሰዓት ለሚደረገው የወዳጅነት ጨዋታ ቡድኖቹ በወረዳ እንዲሆኑ፣ ቦረና ለብቻ፣ ለጋምቦ ለብቻ፣ ከሌላ አገር የመጣው ለብቻ እንዲሰለፍ ሐሳብ መቅረቡን ሰምቻለሁ። ለጨዋታ ማድመቂያ ተብሎ የታሰበ እንደሆነ ይገባኛል፤ ክፋትም የለበትም። እኔ ግን ስማችን ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ይግባና በዕጣ እንከፈል እላለሁ። ባርኔጣውን እኔ አመጣለሁ።

ያን ጓደኛችንን አፈላልጌ አገኘሁት፤ እንዲመጣ ለምኜዋለሁ፣ እመጣለሁ ብሏል። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም፣ የማንኛችንም አይደለም። ዕጣው ከየትኛው ቡድን ቢያወጣውም የመሀሉን ቦታ እለቅለታለሁ። እኔ ተከላካይ ብሆን ይበቃኛል።